ወንጀሉ ሌላ ከተማ ቢፈጸምስ? አገር አጥብቆ በያዘ የምርመራ ልብወለድ ላይ አንባቢ ለምን አይስማማም

የምርመራ ልብወለድ አንድን አገር አጥብቆ ይዞ ሲጻፍ የአንባቢ አስተያየት ለሁለት ይከፈላል። አንዱ "አገሩን ቁልጭ አድርጎ አሳየኝ" ይላል። ሌላው "ሰው ተገድሎ ሳለ ስለ ጭጋግ ሦስት ገጽ ምን ያደርግልኛል? ያካብዳል" ይላል። ጎንደር ፒያሳ ላይ ቡና ይዘው መጽሐፍ ከሚያወሩ ሰዎች መሃል ብትቀመጡ ይህን ክርክር አታጡትም። የተነበበው ግን አንድ መጽሐፍ ነው። ሁለቱም ወገን የሚናገረው የተሰማውን ነው።

ነገሩ የጣዕም ብቻ ቢሆን ኖሮ ማብራሪያ ባላስፈለገው። ክርክሩ የሚነሳው ቦታው በታሪኩ ውስጥ ምን ሥራ እንደተሰጠው ሳይታይ ሲቀር ነው። ሥራ ያለው ቦታ አለ፤ ለጌጥ የተሰቀለ ቦታም አለ። ሁለቱን መለየት ይቻላል።

የምርመራ ልብወለድ የሚባለው የትኛው ነው?

ወንጀል ያለበት ታሪክ ሁሉ የምርመራ ልብወለድ አይደለም። የምርመራ ልብወለድ ከወንጀሉ በኋላ ይጀምራል። አንድ መርማሪ ፍንጭ እየለቀመ ወደ ኋላ ይሄዳል። ማን አደረገው? እንዴት? ለምን? ፍንጭ የምንለው ወደ እውነቱ የሚያደርስ ትንሽ ነገር ነው። የጫማ ዱካ ሊሆን ይችላል፤ ሳይዘጋ ያደረ በር ሊሆን ይችላል። አሳሳች ፍንጭ ደግሞ ደራሲው ሆን ብሎ ዓይናችንን ወደ ሌላ ሰው ለማዞር የሚያስቀምጠው ነው።

ይህ የአጻጻፍ ዓይነት ደንብ የመሰለ ልማድ አለው። እ.ኤ.አ. በ1929 ሮናልድ ኖክስ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስና ደራሲ አሥር ደንቦች ጽፎ አውጥቶለት ነበር። ከአሥሩ ዛሬም የሚሠራው ዋናው ነገር አንድ ነው፤ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ አንባቢውም ማየት አለበት። ልክ እንደ ገበጣ ነው። ጠጠሮቹ በሙሉ ለሁለቱም ተጫዋቾች ይታያሉ፤ የሚያሸንፈው ቀድሞ የቆጠረው ነው።

ደንቡ ቦታውንም ይነካል። መጨረሻ ላይ መፍትሔው በአንድ ረግረግ ላይ የሚቆም ከሆነ፣ ያ ረግረግ ቀደም ብሎ ለአንባቢ መታየት አለበት። አለዚያ አንባቢው ተታሏል። ብዙዎችን የሚያሰለቸው የቦታ ገለጻ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ግዴታ ነው።

ቦታው ታዲያ ምን ይሠራል?

ይህን ለማየት "የባስከርቪሎች ውሻ" የሚበልጥ ምሳሌ አላውቅም። አርተር ኮናን ዶይል የጻፈው የመርማሪው የሸርሎክ ሆምስ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1901 እስከ ኤፕሪል 1902 ድረስ በለንደን መጽሔት ላይ በተከታታይ ወጣ። ጎንደር ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር ስናነበው፣ ከላይ የጠቀስኩት ክርክር በዚሁ መጽሐፍ ላይ ተነሳ።

ታሪኩ የሚካሄደው ዳርትሙር በሚባል በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በሚገኝ ደጋማ ምድር ነው። ዛፍ የሳሳበት፣ ነፋስ የማይለየው አገር ነው። ከሥሩ ግራናይት ድንጋይ አለ። ግራናይት ውኃ ወደ ታች አያሳልፍም። ዝናቡ መሄጃ ሲያጣ ከሣሩና ከቅጠሉ ብስባሽ ጋር እየተከማቸ ረግረግ ይሆናል። ከላይ ሲያዩት ለምለም መስክ ይመስላል። የረገጠው ግን ይሰምጣል።

ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ የሆምስ ጓደኛ ዶክተር ዋትሰን ይህን በዓይኑ ያያል። አንድ ትንሽ የዱር ፈረስ ረግረጉ ውስጥ ገብቶ ይንፈራገጣል። አንገቱን ወደ ላይ ይመዝዛል፣ ይጮሃል፣ ከዚያ ጭቃው ይውጠዋል። አብሮት የቆመው ሰው ጉዳዩን እንደ ዕለት ተዕለት ነገር ይነግረዋል። በዚያው ጨዋታ መሃል፣ በረግረጉ ውስጥ የሚያሳልፍ ቀጭን መንገድ እንዳለና መንገዱን የሚያውቅ ሰው እንዳለ እንሰማለን። መጀመሪያ ሲነበብ የአገር ገለጻ ነው። መጽሐፉን ጨርሶ ለተመለሰ ሰው ግን ያቺ ገጽ ከባድ ማስረጃ ናት። ፈረሱን "አላስፈላጊ ነበር" ብሎ የዘለለ አንባቢ ፍንጩንም ዘልሎታል።

ሌላ ፍንጭ ልጨምር። ዳርትሙር ያለውን የባስከርቪል ቤተሰብ ርስት የሚወርሰው ሰው ለንደን ሆቴል ውስጥ ሳለ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል። "ወደዚያ ምድር አትሂድ" ዓይነት መልእክት ነው። ጽሑፉ ከጋዜጣ ተቆራርጦ የተለጠፈ ነው። በእጅ በቀለም የተጻፈው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም ምድሩ የተጠራበት። ሆምስ ወዲያው ይገባዋል። የቀረው ሁሉ ከማንኛውም ቀን ጋዜጣ ተቆርጦ ይወጣል። ይሄኛው ግን በለንደን ጋዜጣ ላይ እንደልብ የሚገኝ አይደለም።

ቦታው ተጠርጣሪም ያበዛል። ዳርትሙር ውስጥ ፕሪንስታውን በምትባል መንደር እውነተኛ እስር ቤት አለ። እ.ኤ.አ. ከ1806 እስከ 1809 የተሠራው በጦርነት ለተማረኩ ፈረንሳውያን ነበር። በኋላ የወንጀለኞች ማረሚያ ሆነ። በታሪኩ ውስጥ አንድ እስረኛ አምልጦ ሜዳው ላይ ይደበቃል። በሌላ አገር ቢሆን "ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?" ያሰኛል። እዚህ ግን እስር ቤቱ ቀድሞም ያለ ስለሆነ አንባቢ አይከራከርም።

"ሆምስ የት ሄደ?" የሚለው ቅሬታስ?

በዚህ መጽሐፍ ላይ በተደጋጋሚ የሚሰማው ቅሬታ ይህ ነው። መጽሐፉ አሥራ አምስት ምዕራፍ አለው። በስድስተኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ ዋትሰንን ባቡር ጣቢያ ከሸኘ በኋላ እስከ አሥራ አንደኛው መጨረሻ ድረስ ሆምስ አይታይም። ዋትሰን ብቻውን እየዞረ ያያል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ማስታወሻ ይይዛል። ሆምስን ፈልጎ መጽሐፉን የገዛ ሰው ቢናደድ አይፈረድበትም።

ምክንያቱን ስናይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሆምስ ቦታው ላይ ቢኖር ጉዳዩን ቶሎ ይፈታዋል። ምድሩ ሰውን ለማስፈራት፣ ጥርጣሬ ለመዝራት ጊዜ አያገኝም። ዋትሰን እንደኛው ነው። ያያል፣ ግን አያይዞ አይፈታም። ስለዚህ ቦታውን የምናየው መልሱን በማያውቅ ሰው ዓይን ነው። እኔ እነዚያን ምዕራፎች የመጽሐፉ ጉልበት ናቸው ባይ ነኝ። የሚጎትቱ ክፍሎች እንዳሉ ግን አልክድም፤ በተለይ ዘገባዎቹ በደብዳቤ ሲቀርቡ ፍጥነቱ ይወርዳል።

ለእኛ አገር አንባቢ ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት አለ። በአማርኛ የወንጀልና የስለላ መጽሐፍ ካስለመዱን መካከል ማሞ ውድነህና ይልማ ሀብተየስ አሉ። ብዙዎቻችን ይህን ዓይነት መጽሐፍ የለመድነው በሩጫ ነው፤ በአንድ ቁጭታ ተነቦ ለሚቀጥለው ሰው የሚተላለፍ። በዚያ ልማድ ለመጣ አንባቢ ነፋስና ድንጋይ የሚገልጽ ገጽ እንቅፋት ይመስለዋል።

ቦታው ሥራ እንዳለው በምን ይታወቃል?

ቀላል መለኪያ አለ። ወንጀሉን አንሱና ሌላ ከተማ አስቀምጡት። ምንም ሳይነካ ከቆመ፣ ቦታው ጌጥ ነበር። ከፈረሰ፣ ቦታው ምሰሶ ነበር። የባስከርቪሎችን ታሪክ ለንደን ብታስገቡት ረግረጉ፣ ሰው የሚሰወርበት የድንጋይ ጎጆ፣ የውሻው አፈ ታሪክ፣ ጭጋጉ ሁሉ ይጠፋል። ከወንጀሉ የሚተርፍ ነገር የለም።

አሁን መለኪያውን ጎንደር ላይ እንሞክረው። አንድ ደራሲ እዚህ ከተማ የምርመራ ታሪክ ቢጽፍ ምን ይጠቀማል?

መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው ሰዓት ነው። ከተማዋ የቱሪስት ከተማ ናት። አስጎብኚው "ሦስት ሰዓት ላይ አየሁት" ሲል ጠዋት ማለቱ ነው። የውጭ እንግዳው ግን ከሰዓት በኋላ ብሎ መዝግቦታል። የስድስት ሰዓት ልዩነት የአንድን ሰው ነጻነት ሊወስን ይችላል። ጥሩ ፍንጭ ነው። ግን ላሊበላም፣ አክሱምም፣ አዲስ አበባም ይሠራል። ጎንደርን አልፈለገም። አርብ ቀን የተቆረጠ የሥጋ ቤት ደረሰኝም እንደዚያው ነው። ፆም በሚከበርበት አገር ሁሉ ጥያቄ ያስነሳል።

የጥምቀት ዋዜማ ግን ሌላ ነው።

የአፄ ፋሲል መዋኛ የሚባለው ገንዳ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። በዙሪያው ያሉት ዛፎች ሥሮቻቸውን በግንቡ ላይ ጥለው ድንጋዩን እንደ ጣት ጨብጠውታል። ጥምቀት ሲቃረብ ከቀሃ ወንዝ ውኃ ይሳብና መሙላት ይጀምራል። በአንድ ሌሊት የሚሞላ ገንዳ አይደለም። ጥር 10 ቀን፣ በከተራ፣ ታቦታቱ በሕዝብ ታጅበው ይወርዳሉ፤ እዚያው ያድራሉ። ሌሊቱን ካህናቱ በጸሎትና በዝማሬ ያነጋሉ። ሕዝቡም አብሮ የሚያድረው ብዙ ነው። ጥር 11 ንጋት ላይ ውኃው ይባረካል፤ ወጣቶቹም እየዘለሉ ይገባሉ። ከዚያ ታቦታቱ ወደየደብራቸው ይመለሳሉ። የሚካኤል ታቦት ግን አድሮ በማግስቱ፣ ጥር 12 ነው የሚገባው።

አሁን ገንዳው ውስጥ አንድ ነገር ተገኘ እንበል። ውኃው መግባት ሳይጀምር የተቀመጠ ነው ወይስ ከሞላ በኋላ የተጣለ? ገንዳው መቼ መሞላት እንደጀመረ የሚያውቅ ሰው ወንጀሉ መቼ እንደተፈጸመ ግማሹን አወቀ። ተጠርጣሪዎቹ ሁሉ "ጥምቀተ ባሕር ነበርኩ" ይላሉ፤ ከተማው ሁሉ እዚያ ስለነበር ውሸት ነው ማለት አይቻልም። ፒያሳና ቅዳሜ ገበያ ጭር ብለዋል። ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ደግሞ "ጥር 11 ቀን ከሰዓት በኋላ የሚካኤልን ታቦት ሸኝቼ ነው ቤቴ የገባሁት" ብሎ ቃሉን ይሰጣል።

ያ ሰው ውሸቱን ነው። ሚካኤል ገና አልገባም። ይህን ወንጀል ሌላ ከተማ ልውሰደው ብትሉ ገንዳውም፣ የሚሞላበት ጊዜም አብሯችሁ አይሄድም።

ታዲያ አገሬውና እንግዳው አንድ መጽሐፍ ነው የሚያነቡት?

በዚህ ዓይነት ልብወለድ፣ አይደለም። የሚካኤልን ነገር ጎንደሬው ገና ሲያነብ ይነቃበታል። የበዓሉን ሥርዓት የማያውቅ አንባቢ ግን ዝም ብሎ ያልፈዋል። ደራሲው ፍትሐዊ መሆን ከፈለገ ከምስክርነቱ በፊት፣ አንድ ቦታ ላይ፣ ታቦቱ ጥር 12 እንደሚገባ ማሳየት አለበት። ልጅ አያቷን "ነገም እንወርዳለን?" ብላ ስትጠይቅ፣ አያቷም "ሚካኤልን ሳናስገባ ማን ይቀራል?" ብትላት ይበቃል። አገሬው "ይሄን ማን ያጣዋል?" ሊል ይችላል። ለእንግዳው ግን ያለዚያች መስመር ጨዋታው የለም።

ስለዚህ "ማብራሪያው በዛ" የሚል አስተያየት ስታዩ የጻፈው ሰው የየት አገር ሰው እንደሆነ ጠይቁ። ለአንዱ የበዛው ለሌላው ልክ ነው።

አገሬው የማይምረው ደግሞ ስህተትን ነው። አንድ ወዳጃችን እዚሁ ከተማ ላይ የተጻፈ ረቂቅ አስነብቦን ነበር። ጡረታ የወጡ መምህርና በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ በሚባለው ግቢ የምትማር አንዲት ልጅ ተከራከሩበት።

"ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ከሁለተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ሊያምኑት አልፈለጉም" አለቻቸው።

"ልጄ፣ ሰውዬውን ከፒያሳ አዘዞ በእግሩ በሩብ ሰዓት አደረሰው። እንዴት አድርጌ ልመነው?"

"ትንሽ ነገር ናት እኮ፣ ጋሼ። ታሪኩ አያምርም?"

"ያምራል። ግን ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ገዳዩ በዚያ ሰዓት አዘዞ ነበርኩ ካለ፣ ሰዓቱ ውሸት ከሆነ፣ የቱን ይዤ ልፈርድ ነው?"

መምህሩ ልክ ናቸው። በፍቅር ልብወለድ ውስጥ እንዲህ ያለ ስህተት ይታለፋል። በምርመራ ልብወለድ ግን ርቀት ምስክርነት ነው። ምስክሩ ደራሲው ሳይፈልግ ከዋሸ መዝገቡ በሙሉ ይበላሻል።

ደራሲው ታዲያ ቦታ መፍጠር አይችልም?

ይችላል። ኮናን ዶይል የዳርትሙር ሰው አልነበረም፤ ኤደንብራ ነው የተወለደው። እ.ኤ.አ. በ1901 ፍሌቸር ሮቢንሰን ከሚባል ጋዜጠኛ ጓደኛው ጋር ዳርትሙር ሄዶ ፕሪንስታውን አርፎ ሜዳውን በእግሩ ዞሯል። በመጽሐፉ ያለው መንደርና ረግረግ የተጠራበት ስም ግን የራሱ ፈጠራ ነው። አካባቢውን የሚያውቁ አንባቢዎች ርቀቶቹን እንዳዛነፋቸው ይናገራሉ። መጽሐፉን ግን አልጣሉትም።

ምክንያቱ ይመስለኛል፣ የፈለሰፈው ካርታውን እንጂ የምድሩን ጠባይ አይደለም። ረግረጉ እንደ ረግረግ ይውጣል። ጭጋጉ እንደ ጭጋግ ሳይጠሩት ይመጣል፤ መጨረሻ ላይ የሆምስን ዕቅድ ራሱን ሊያበላሸው ትንሽ ነበር የቀረው። ጎንደር ላይም እንዲሁ ነው። የሌለ ሆቴል ፍጠሩ፣ የሌለ ሰፈር ጨምሩ፣ አንባቢ ይከተላችኋል። የፋሲልን ገንዳ በግንቦት ሞልታችሁ ብታሳዩት ግን መጽሐፉን ያስቀምጠዋል።

"ገዳዩን በግማሹ አወቅኩት" ማለት መጽሐፉ ደካማ ነው ማለት ነው?

የግድ አይደለም። ጠባብ አገር ውስጥ የሚካሄድ ታሪክ ተጠርጣሪው ጥቂት ነው። ሜዳው ላይ ያሉት ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ማን እንደሆነ መገመት ይቀላል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ክብደቱን "ማነው?" ከሚለው ወደ "እንዴት ይያዛል?" ያዛውራል። ማንነቱን ብቻ የሚፈልግ አንባቢ ቅር ይለዋል።

መርማሪውስ የውጭ ሰው መሆን አለበት?

አብዛኛውን ጊዜ ደራሲዎች የውጭ ሰው ይመርጣሉ። እንግዳ ሰው ይጠይቃል፤ ሲጠይቅ ለአንባቢውም ይብራራለታል። ችግሩ አገሬው ለእንግዳ አይናገርም። ዋትሰንም ይህ ይገጥመዋል። የወራሹ ቤት አሽከር ሌሊት ሻማ ይዞ በመስኮት ምልክት ይሰጣል፤ ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል።

በእኛ ገጠር ግን ከዚህ ተቃራኒ የሆነ የምርመራ ሥርዓት ነበር፤ አውጫጭኝ። ወንጀል ሲፈጸምና አድራጊው ሲጠፋ የአካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን በመሐላ ይጠየቃል። አድራጊው ሳይታወቅ ወደ ቤት መሄድ የለም። ካልተገኘ ሁሉም በአንድነት ካሣ የሚከፍልበት ጊዜ ነበር። እዚህ ብልህ መርማሪ የለም። የሚመረምረው መንደሩ ራሱ ነው። ይህን ሥርዓት የሚያውቅ አንባቢ አንድ ሰው ከከተማ መጥቶ በሁለት ቀን ሁሉን ሲፈታ ቢከብደው አይገርምም። ምስጢሩ ተሰውሮ አይደለም፤ መንደሩ እያወቀ ዝም ብሎ ነው። ጎንደርን መቼት አድርጎ ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የበለጠ ሀብት ያለ አይመስለኝም። የሁሉም ሰው ዝምታ የየራሱ ምክንያት አለው።

"አገሬን ሰደበብኝ" የሚለው አስተያየትስ?

ይህን ቅሬታ ቀለል አድርጎ ማለፍ አይገባም። አገር የያዘ የምርመራ ልብወለድ ብዙ ጊዜ የአገሩን ፍርሃት ይጠቀማል። በባስከርቪሎች ታሪክ ፍርሃቱ ጥቁር ውሻ ነው፤ የቤተሰቡ እርግማን። ገዳዩ ከአፈ ታሪኩ ጀርባ ይደበቃል። መጨረሻ ላይ መርማሪው መጋረጃውን ገልጦ ከጀርባው የሰው እጅ እንዳለ ያሳያል።

በጎንደር አካባቢ እንዲህ ያለ ፍርሃት የቡዳ ወሬ ነው። ወሬው ለዘመናት የተለጠፈው ደግሞ በአንጥረኛውና በሸክላ ሠሪው ላይ ነበር፤ በተለይ በቤተ እስራኤል ላይ። ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ያለችው ወለቃ የእነሱ መንደር ነበረች። አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ቤተ እስራኤላውያን እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 እንዲሁም በ1991 በተካሄዱት ዘመቻዎች ወደ እስራኤል ሄደዋል። በወለቃ መንገድ ዳር የሚሸጡት የሸክላ ቅርጻ ቅርጾች ግን የእነሱን እጅ ያስታውሳሉ።

አንድ ደራሲ ይህን ወሬ እንደ አሳሳች ፍንጭ ሊጠቀምበት ይችላል። ሰው ይሞታል፣ መንደሩ "ቡዳ በላው" ይላል፣ ጣት ወደ አንጥረኛው ይቀሰራል። ከዚያ በኋላ ያለው ነው ወሳኙ። መርማሪው እውነተኛውን እጅ ካገኘና አንጥረኛው በስሙ፣ በመንደሩ ፊት ነጻ ሲወጣ ካየን፣ መጽሐፉ ወሬውን መርምሮታል። ደራሲው ግን ለድባቡ ሲል ወሬውን እንደተንጠለጠለ ከተወው፣ እውነተኛ ሰዎችን የጎዳ ክስ እንደገና አሰማ ማለት ነው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ላይ "ድባቡ ልዩ ነው" የሚል አስተያየት ስታነቡ፣ አንጥረኛው መጨረሻ ላይ ምን ሆነ ብላችሁ የጻፈውን ሰው ጠይቁት።